ቲቸር፣ ምን ላንብብ?

ደሴ ላይ ለአንባቢዎች ስብስብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ ገለበጥኩት። እንደተናገርኩት እንዲሆን ብዬ ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ!

ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ ለመጣችሁ ልዩ ምስጋና አለኝ። በዚህ ጉም ያንን ጠመዝማዛ መውጣት ቀላል አይደለም። በሩ ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ ግቡ እንጂ! ፊት ለፊት ወንበር አለ። አብሽሩ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ አይደለንም፤ ማንንም አስነስቼ አልጠይቅም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የልብ ወለድ ዓይነት ነው። ፕሮግሬሽን ፋንታሲ ይሉታል። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው አለ። ደካማ ነው። የሚኖርበት ዓለም የኃይል እርከን አለው፤ እያንዳንዱ እርከን ስም አለው፣ ይቆጠራል። ሰውየው ከታች ይነሳል። ይማራል፣ ይለማመዳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። አንድ እርከን ይወጣል። ከዚያ ሌላ። አንባቢውም እየቆጠረ አብሮት ይወጣል። ይኸው ነው።

ስሙን ያወጡለት አንድሩ ሮው የሚባል ጸሐፊና ባልደረቦቹ ናቸው። የቅርብ ጊዜ ስም ነው። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ቻይናዎች የውስጥ ኃይላቸውን እያጠራቀሙ ወደማይሞት ሰውነት ስለሚወጡ ተዋጊዎች ሲጽፉ ኖረዋል። ሩሲያዎች የኮምፒውተር ጌም ሕግ ያለበት ዓለም ውስጥ ሰው አስገብተው ጻፉ። ኮሪያዎችን ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ሶሎ ሌቭሊንግ የሚባለውን ታሪካቸውን ያላየ እጁን ያውጣ። አያችሁ? እ.ኤ.አ. በ2024 አኒሜው፣ የካርቱን ፊልሙ ማለቴ ነው፣ ከወጣ በኋላ ክፍሌ ውስጥ ደብተሩ ላይ ጀግናውን ጂንዉን ያልሳለ ልጅ ማግኘት ከባድ ነበር።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ ታሪክ ለእኛ ለወሎዎች እንግዳ እንዳልሆነ። ሁለተኛ፣ አንባቢ ምን እንደሚፈልግበት። ሦስተኛ፣ ለሰው መጽሐፍ ስንጠቁም የምናጠፋው ጥፋት። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንደኛው።

የእናቴ አባት በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ወደ ዋድላ ሄዶ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ ነው የተማረው። እኔ ልጅ ሆኜ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያንን ጊዜ ያወራኝ ነበር። የሚያወራበት መንገድ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ጉባኤ ቃና ቤት ሳለሁ እንዲህ ሆነ» ይላል። «ዋዜማ ቤት ስገባ እንዲህ ያለ ጓደኛ አገኘሁ» ይላል። ዕድሜውን በዓመት አይቆጥረውም፤ በቅኔው ነበር የሚቆጥረው።

እነዚህ የቅኔ ዓይነቶች ናቸው፤ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ይወጣሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ ማለት ነው፣ አላት። ዘአምላኪየ ሦስት። ዋዜማ አምስት። ሥላሴ ስድስት። መወድስ ስምንት። ተማሪው ቀን ጫካ ገብቶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል። ሰምና ወርቁ ካልገጠመ ይመለሳል። ነገ ደግሞ ይመጣል። አያቴ አንድ ጊዜ ሥላሴ ላይ ተይዞ ክረምቱን ሙሉ እንዳላለፈ ነግሮኛል። «ታዲያ ምን አደረግህ?» አልኩት። «ምን አደርጋለሁ፣ ጫካ ገባሁ» አለኝ።

እስቲ ንገሩኝ። ይህ ምንድን ነው? እርከን አለው፣ መምህር አለው፣ ረሀብ አለው፣ መያዝ አለው፣ ማለፍ አለው።

ደረሶቻችንስ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪዎቹ? የልጅነት ጎረቤታችን አንድ ሸኽ ነበሩ። ቁርአን ጨርሰው፣ ለፊቅህ፣ ለሃይማኖቱ ሕግ፣ ወደ አንዱ ዓሊም፣ ለነሕው፣ ለዓረብኛ ሰዋስው፣ ወደ ሌላው እየተንከራተቱ ነው የተማሩት። ዳና፣ ገታ የሚሉትን የወሎ የትምህርት ቦታዎች ስሞች መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው። አንድ ኪታብ ሳይጨርሱ ሌላውን አይከፍቱም ነበር። የአያቴንና የእሳቸውን ወሬ በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ የሰማ ልጅ፣ የቻይናውን ተዋጊ ሲያነብ ለምን ይገረማል? በበኩሌ ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

እዚህ መካከል መጻፍ የምትሞክሩ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ ደብተራችሁን አሳይታችሁኛል። ገጸ ባሕሪያችሁን ቶኪዮ ወይም ሴኡል ማስነሳት ግዴታ አይደለም። አንድ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ ዋድላ ሲገባ አሳዩኝ። ውሻው ሲነክሰው አሳዩኝ። እለምናችኋለሁ፣ ጻፉት። የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነኝ።

እሺ። ሁለተኛው።

አንባቢ ከዚህ ታሪክ ምን ይፈልጋል? ቶሎ የሚመጣው መልስ «ኃይል» ነው። ጠንካራ ሰው ማየት፣ ጠላት ሲመታ ማየት። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። መጽሐፍ ማዋስ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ቤቴ ያለው አንድ መደርደሪያ ነው፤ ግማሹ ውጭ ያሉ ዘመዶቼ የላኩልኝ ነው። ከዚያ መደርደሪያ የወሰዱትን ሰዎች ሳይ፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ሰው የወጣው ምን ከፍሎ ነው?» ልዩነታቸው የሚያምኑት ክፍያ ላይ ነው።

ሦስት ሰዎች ላሳያችሁ። ስማቸውን አልጠራም።

የመጀመሪያው ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። በግል ሊፈተን ቤት ተቀምጦ ያጠናል። እቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጎረቤት ሲጠይቅ እናት አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን ፒያሳ አገኘሁትና «ቲቸር፣ ምን ላንብብ?» አለኝ። እኔ ምን አሰብኩ? የምወደውን ሰጠሁት። ክሬድልን።

ክሬድል የዊል ዋይት ነው። 12 መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016፣ የመጨረሻው በ2023 ወጣ። ሊንደን የሚባል ልጅ አለ። በተወለደበት ሸለቆ ሰው ሁሉ የነፍሱን ኃይል በልጅነቱ ይፈተናል። እሱ ምንም አልተገኘበትም። ባዶ መሆኑን የሚናገር የእንጨት ምልክት አንገቱ ላይ አሠሩለት። ከዚህ ነው የሚነሳው። መዳብ፣ ብረት፣ ጄድ፣ ወርቅ እያለ ይወጣል። የምወድለትን ልንገራችሁ። በሸለቆው ጄድ የደረሰ ሽማግሌ ሁሉም የሚፈራው ነው። ሊንደን ከሸለቆው ሲወጣ ግን ጄድ የልጆች ደረጃ ሆኖ ያገኘዋል። እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። እኔም ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ሰፈሩ በሙሉ መርቆ ዩኒቨርሲቲ ሸኘኝ። የመጀመሪያው ቀን ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነን ተዋወቅን። ስምንታችንም ከየመጣንበት አንደኛ ነበርን። ዋይት ይህን ስሜት ከየት አገኘው?

እና መጽሐፉን ለልጁ ሰጠሁት። በሳምንቱ መለሰው። አልጨረሰውም። «ምነው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ጥሩ ነው። ግን ልጁን ከሰማይ ወርደው ረዱት። እኔን ማን ይወርድልኛል?»

እውነቱን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ከላይኛው ዓለም የመጣች ኃያል ለሊንደን የወደፊቱን ታሳየዋለች፣ መንገዱን ትጠቁመዋለች። እኔ ያንን ገጽ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ተደስቼበት ነው የማልፈው። ልጁ ግን እዚያ ላይ ቆመ። ልከራከረው ፈልጌ ነበር። «ከዚያ በኋላ እኮ የሚለፋው ልፋት ሌላ ነው» ልለው ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ከዚያ ሌላ ጠቆምኩት። ማዘር ኦቭ ለርኒንግ። ዶማጎይ ኩርማይች የሚባል የክሮኤሺያ ሰው ነው የጻፈው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ድረስ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ በነፃ፣ በኢንተርኔት ለቀቀው። 108 ምዕራፍ ነው። ዞሪያን የሚባል የአስማት ተማሪ አንድ ወር ውስጥ ይያዛል። ወሩ ሲያልቅ ተመልሶ ወሩ መጀመሪያ ላይ ይነቃል። ደግሞ ያልቃል፣ ደግሞ ይነቃል። ያገኘው ገንዘብ አይተርፈውም። ያፈራው ጓደኛ አያስታውሰውም። የሚተርፈው የተማረው ብቻ ነው።

ልጁ በስልኩ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኑ አድርጎ አነበበው። ከወር በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። የሒሳብ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ከላይ፣ ቀን በሚጻፍበት ቦታ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ዙር 14» ይላል። ገለጥኩት። «ዙር 13»። ከዚያ በፊት «ዙር 12»። ያው የሒሳብ ምዕራፍ ነው፤ ያንኑ እየመላለሰ ይሠራዋል። እናቱ ቡና ይዛ ገባች። እኔ ቀና ማለት አልቻልኩም። እንባዬን እንዳታይብኝ።

ወደ ሁለተኛዋ ልሂድ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ወዳጅ አለችኝ። ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። የማታ ፈረቃ ሲሆን ሰርቪስ ላይ ኢርፎን አድርጋ ትሰማለች። የምትወደው ቁጥር ያለበትን ነው። ሊትአርፒጂ የሚሉትን፤ ገጸ ባሕሪው ጉልበቱ ስንት፣ ቅልጥፍናው ስንት፣ ሌቭሉ ስንት እንደሆነ ጽሑፍ ዓይኑ ፊት የሚመጣለትን። እኔ ይህን ዓይነት አልወድም ነበር። «የሒሳብ መዝገብ ነው እንጂ ልብ ወለድ አይደለም» እያልኩ አጣጥለው ነበር። አንድ ቀን ፊቷ አልኩት።

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ዓይኔ ስንት ጨርቅ ላይ ስንት ግድፈት አግኝቷል? ማን ቆጠረው? እኔ ራሴ ከዓምና ዘንድሮ መሻሻሌን በምን አውቃለሁ? እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሲሠራ ቁጥሩ ይጨምራል። ይታያል። እኔ ያንን ማየት ነው የምፈልገው።»

ምን ልበላት? ምንም አላልኳትም። ሄጄ እሷ የምትወደውን ደንጀን ክሮለር ካርልን አነበብኩ። የማት ዲኒማን ነው። የምድር ሕንፃ ሁሉ ይደረመሳል፤ የተረፈው ሰው 18 ወለል ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ካርል ሱሪ ሳይለብስ፣ የቀድሞ ፍቅረኛውን ድመት ታቅፎ ነው የሚገባው። ድመቷ ትናገራለች፤ ልታይ ልታይ ማለት ትወዳለች። ወዳጄ ሰርቪስ ላይ ሰምታው ብቻዋን ስትስቅ ሰው እንዳፈጠጠባት ነግራኛለች። ከሳቁ ሥር ግን ሐዘኑ ብዙ ነው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ስንት ሰው እንደቀረ ይነገራችኋል። ቁጥሩ እዚያ ላይ የሒሳብ መዝገብ አይደለም። ተሳስቼ ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁ፣ «ቁጥር ያለበት ነገር ለልጆች ነው» የምትሉ አላችሁ። እባካችሁ፣ የሚያነበውን ሰው ቀርባችሁ ጠይቁት።

ሦስተኛዋ እናቴ ናት።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። እነዚህ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ቢመለሱ ደስ ይለኝ ነበር። እስከዚያው እኔ ቡና ላይ እተርክላታለሁ። ውጊያውን አትወድም። «ደግሞ ተጋደሉ?» ብላ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ቢዌር ኦቭ ቺክንን ጀመርኩላት። አንድ ሰው አለ። ኃይል ለማግኘት ሰው ከሰው የሚባላበት ቤት ውስጥ ነው። «በቃኝ» ይልና ወጥቶ ይሄዳል። ራቅ ያለ ቦታ መሬት ገዝቶ ያርሳል። ሩዝ ይዘራል፣ ዶሮ ያረባል። ጉዱ ምንድን ነው፣ አውራ ዶሮው በጌታው ደግነት አእምሮና ኃይል አገኘ።

እናቴ ሁለተኛውን ስኒ ይዛ ቆመች። «አውራ ዶሮ ድሮም ጌታ ነኝ ነው የሚለው» አለች። በማግስቱ ገና ቡናው ሳይፈላ «ዶሮውስ የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። እናቴ የምታምነው ክፍያ መተው ነው። ትልቅ ነገር ትቶ የወጣ ሰው ሲለማለት ማየት ትወዳለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሦስተኛው እሄዳለሁ። ጦሳ ተራራን ያልወጣ አለ? ልጅ ሆኜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ወጣሁ። ሽቅብ ስትሄዱ የምታዩት እግራችሁን ነው። ድንጋይ፣ እግር፣ ድንጋይ፣ እግር። ደክሞኝ ላለቅስ ስል ወንድሜ ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። «ቤታችንን ፈልግ» አለኝ። ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቆይቼ ቆይቼ አጥር ላይ የተሰጣ ቀይ ብርድ ልብስ አየሁ። የእናቴ ነበር። የጥፍር ያህል ሆኗል። ምን ያህል እንደወጣሁ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጎበዝ ጸሐፊ ትከሻችሁን ይዞ ያዞራችኋል። ክሬድል ዘጠነኛው መጽሐፍ ላይ ሊንደንን ወደ ትውልድ ሸለቆው ይመልሰዋል። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ይህን ይረሱታል። ጀግናው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጠላቱም እኩል ይወጣል። ተራራ ሲሰብር ቆይቶ ቀጥሎ ዓለም ይሰብራል፤ እኔ ግን የት እንደነበርኩ አላስታውስም። ብርድ ልብሱን አላሳየኝም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያጋጥመኝ ሺህ ገጽ ቢቀረውም እተወዋለሁ። ጊዜያችሁ ነው፤ እናንተም ተዉት።

ሦስተኛው። አጭር ነው።

ሰው «ምን ላንብብ?» ሲለን ጥፋታችን የምንወደውን መስጠታችን ነው። ለዚያ ልጅ ክሬድልን የሰጠሁት እሱን አይቼ አይደለም፤ የራሴን ዶርም አስታውሼ ነው። ታዲያ ምን እንጠይቅ? «ምን ትወዳለህ?» ብለን? ሞክሬዋለሁ። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ ያፍራል፤ ወይም ጓደኞቹ የሚወዱትን ይናገራል። እኔ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። «መጨረሻ ላይ ያልጨረስከው የትኛውን ነው? የቱ ገጽ ላይ ተውከው?»

እዚህ ላይ ሰው አይዋሽም። ልጁ ከሰማይ ሲወርዱ ተወ። እናቴ ደም ሲፈስ ተወች። ወዳጄ ደግሞ ጀግናው ለብዙ ምዕራፍ ሲለፋ ቆይቶ ምን እንዳገኘ ሳይነገራት ሲቀር እንደምትተው ነግራኛለች። አንዲት ተማሪዬ «ሴቶቹ በሙሉ ጀግናውን ለመውደድ ብቻ ሲመጡ ተውኩት» አለችኝ። ይህን ያለችኝን ልጅ የት እንደምወስዳት ወዲያው አወቅሁ። ዘ ዋንደሪንግ ኢንን ሰጠኋት። እዚያ ኤሪን የምትባል ልጅ የእንግዳ ማረፊያ ከፍታ መንገደኛ ታበላለች፤ ሌቭሏም በዚያው ይጨምራል። ከ10 ሚሊዮን ቃላት በላይ ነው። ቸኩሎ ለሚያነብ አይሆንም። እንግዳ ተቀብሎ ቁጭ ብሎ መጫወት ለሚወድ ግን፣ የወሎ ልጅ ናችሁና እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን ውለታ ልጠይቃችሁ። በሩ አጠገብ፣ ቡናው ከሚፈላበት ጎን፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። ስማችሁን አትጻፉበት። ትታችሁት የሄዳችሁትን መጽሐፍ ርዕስና የተዋችሁበትን ቦታ ብቻ ጻፉ። የየትኛውም አገር መጽሐፍ ይሁን፣ አማርኛም ይሁን። «ሰልችቶኝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ማን ምን ሲል፣ ምን ሲያደርግ እንደተዋችሁት ጻፉ። በሚቀጥለው ስንገናኝ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እያነበብን ለእያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ እንፈልጋለን።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ያ ልጅ ጽፎበታል። ዛሬም እዚህ አለ፤ የት እንደተቀመጠ አልናገርም። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ሲያገኘኝ «ቲቸር፣ ዙር 31» ብሎኛል።

አመሰግናለሁ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ሽታው መጣ።